የደም ሥር ብግነት በአንድ ቁጥር አይፈረድም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፤

ቫስኩላይተስ ስለሚባሉት የደም ሥር ብግነት ሕመሞች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በአንድ ጉዳይ ምክንያት ነው፤ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ብቻውን እየታየ መድኃኒት ከፍና ዝቅ መደረጉ። ኢኤስአር የሚባለው የደም መዝቀጥ ፍጥነት 70 ስለሆነ ብቻ ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል፤ ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ፕሮቲን ስለወረደ ብቻ ይቋረጣል፤ አንካ የሚባለው የራስን ነጭ የደም ሕዋስ የሚያጠቃ ፀረ አካል «ፖዘቲቭ» ስለተባለ ብቻ ሰው ዕድሜ ልኩን ታማሚ ይደረጋል። እነዚህ ውሳኔዎች ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ቁጥሩ በምን ዘዴ እንደተለካ፣ ሌላ ምን ሊያስነሣው እንደሚችልና ከሕመምተኛው ምልክት ጋር መግጠም አለመግጠሙ ሳይታይ ከተወሰነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ያለአግባብ የተጨመረ ፕሬድኒሶሎን ስኳር፣ የአጥንት መሳሳትና ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ያለጊዜው የተቀነሰ ደግሞ ኩላሊት ወይም ዓይን ያሳጣል።

ሕመሙ ባጭሩ ይህ ነው። ሰውነትን ሊጠብቅ የተሠራው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን የደም ሥር ግድግዳ ያጠቃል፤ ግድግዳው ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ይጠባል ወይም ይቀደዳል። ታካያሱ የሚባለው ዓይነት በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ አኦርታንና ከእሱ የሚወጡትን ትልልቅ ደም ቅዳዎች ያጠብባል። ጃይንት ሴል የሚባለው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ይመጣል፤ በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ደም ቅዳና ዓይንን የሚመግቡትን ሥሮች ያጠቃል። ከአንካ ጋር የተያያዙት ደግሞ ጥቃቅን ሥሮችን ስለሚያጠቁ ኩላሊት፣ ሳንባና አፍንጫ ይጎዳሉ። የአኦርታ ግድግዳ ሲቆጣና የኩላሊት ማጣሪያ ሲቆጣ ወደ ደም የሚገባው ምልክት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህም ለሁሉም የሚሆን አንድ የደም መለኪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ኢኤስአር ነውና ከእሱ እንጀምር። ምርመራው ቀይ የደም ሕዋሳት ቀጥ ብሎ በቆመ ቀጭን ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚዘቅጡ ማየት ብቻ ነው። ብግነት ሲኖር ጉበት ፋይብሪኖጅን የሚባለውን ፕሮቲን ያበዛል፤ ሕዋሳቱም እንደተደራረበ ሳንቲም ተጣብቀው ቶሎ ይወርዳሉ። ቀላል ስለሚመስል በቸልታ የሚበላሸውም ይኸው ምርመራ ነው። በቬስተርግረን ዘዴ 4 እጅ ደም ከ1 እጅ 3.8 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት ጋር ይደባለቃል። ደሙ ካነሰ ሲትሬቱ ያመዝንና ውጤቱ ይዛባል፤ በደንብ ሳይገለባበጥ የረጋ ደም ከሆነ ደግሞ መጣል ነው ያለበት። ቱቦው በ3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ውጤቱ እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ማቆሚያው ሴንትሪፉጅ (ደም ማሽከርከሪያ ማሽን) በሚያንቀጠቅጠው ጠረጴዛ ላይ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ሲቀመጥም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ደሙ በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ ሲቆይ በተቃራኒው ይቀንሳል። ወረፋ ሲበዛ በ30ኛው ደቂቃ አንብቦ በሁለት ማባዛትም ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ሕዋሳቱ ገና እየተጣበቁ ናቸው፤ በሚቀጥሉት 40 ደቂቃዎች በፍጥነት ይወርዳሉ፤ በመጨረሻዎቹ 10 ከታች እየታጨቁ ይዘገያሉ። ግማሽ ሰዓቱ የሙሉው ሰዓት ግማሽ አይደለም።

በትክክል ተለክቶም ቢሆን ኢኤስአርን ከፍ የሚያደርገው ብግነት ብቻ አይደለም። የደም ማነስ፣ እርግዝና፣ ዕድሜ፣ እንዲሁም በሽንት ብዙ ፕሮቲን መፍሰስ ከፍ ያደርጉታል። ስለ ዕድሜ የሚያገለግል የቆየ ስሌት አለ፤ ለወንድ ዕድሜውን ለሁለት ማካፈል፣ ለሴት በዕድሜዋ ላይ 10 ደምሮ ለሁለት ማካፈል። በዚህ ስሌት የ60 ዓመት ሴት እስከ 35 ድረስ ጤናማ ልትሆን ትችላለች። ኩላሊቱ በቫስኩላይተስ ተጎድቶ ፕሮቲን የሚያፈስ ሰው ብግነቱ ከበረደ በኋላም ኢኤስአሩ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ያንን ቁጥር ለማውረድ ሲባል ብቻ ፕሬድኒሶሎን መጨመር ትርፉ ጉዳት ነው።

ሲአርፒ ፈጠን ይላል። ብግነት በተነሣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ መንስኤው ሲጠፋ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ፋይብሪኖጅን ግን በደም ውስጥ ቀናት ስለሚቆይ ኢኤስአር ሲወርድ ቀስ ብሎ ነው። ሕክምና በተጀመረ ሳምንት ሲአርፒ ወርዶ ኢኤስአር አልወርድ ቢል መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

በብዙ አነስተኛ ላቦራቶሪዎች ሲአርፒ የሚሠራው በላቴክስ፣ ማለትም ፀረ አካል በተለበጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው፤ አንድ ጠብታ ሴረም (ከረጋ ደም የተለየ ፈሳሽ) ከአንድ ጠብታ ላቴክስ ጋር በካርድ ላይ ተደባልቆ፣ ካርዱ ለ2 ደቂቃ ገደማ እየተነቀነቀ መቋጠሩ ይታያል። ሰዓቱ አልፎ የተነበበ ካርድ ስለሚደርቅ የተቋጠረ ሊመስል ይችላል። ይህ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ መኖር አለመኖሩን ነው የሚናገረው፤ መጠኑን ለማወቅ ሴረሙ በእጥፍ እየቀጠነ ይደገማል፤ ውጤቱም 6፣ 12፣ 24፣ 48 እያለ ይሄዳል። እንግዲህ ባለፈው ወር 24፣ በዚህ ወር 48 ቢሆን ልዩነቱ የአንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ በሁለት ሰዎች የእጅ አሠራርም ሊመጣ ይችላል። ሌላም አደጋ አለው። ሲአርፒ እጅግ ከፍ ሲል ከላቴክሱ አቅም በላይ ይሆንና መቋጠሩ ይጠፋል፤ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው «ኔጋቲቭ» ይባላል። ሰውየው ትኩሳት እያለበት ውጤቱ ኔጋቲቭ ከመጣ ሴረሙን አቅጥኖ መድገም ግድ ነው። በማሽን ለተለካው ደግሞ መለኪያውን ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ላቦራቶሪ በሊትር፣ ሌላው በዴሲ ሊትር ይጽፋል፤ 4 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ማለት 40 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። የመጀመሪያውን እንደ ጤናማ ቆጥሮ ማለፍ በአሥር እጥፍ መሳሳት ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች የብግነቱን ምንጭ አይነግሩም። በአገራችን ክብደት ቀንሶ፣ በሌሊት እያላበው፣ ኢኤስአሩ 100 ገብቶ የሚመጣ ሰው ቲቢ ሊኖረው ይችላል፤ ቫስኩላይተስም ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት የአክታ ምርመራና የደረት ራጅ፣ ትኩሳት ካለ ደግሞ የደም ካልቸር (ጀርም መኖሩን ለማየት ደሙን የማሳደግ ምርመራ) መሠራት አለበት። ፕሬድኒሶሎን ከተጀመረ በኋላ ትኩሳቱ ስለሚወርድ ኢንፌክሽኑ ተደብቆ ይስፋፋል። በተጨማሪ ፕሬድኒሶሎን ራሱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ቁጥራቸው 14 ሺሕ ስለደረሰ ብቻ ኢንፌክሽን ተነሣ ወይም ሕመሙ አገረሸ ማለት አይቻልም።

ቁጥሩ ዝም ብሎ ሕመሙ የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ አለ፤ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ታካያሱ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 60 ሕሙማን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ ሕመሙ በነቃበት ጊዜ ኢኤስአር ከፍ ያለው በ72 በመቶ ነበር፤ ሕመሙ ተኝቷል በተባለበት ጊዜም በብዙዎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት ሕመማቸው ተኝቷል ከተባሉ ሰዎች በቀዶ ሕክምና ከተወሰዱት ጥቂት የደም ሥር ናሙናዎች 44 በመቶው በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብግነት ነበረበት። ስለዚህ ታካያሱ ያለባትን ሴት ስንከታተል የደም ግፊቷን በሁለቱም ክንድ መለካት ከኢኤስአር ያላነሰ ዋጋ አለው። በሁለቱ ክንዶች መካከል ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ልዩነት ሲኖር ይጻፍ፤ ልዩነቱ እየሰፋ ሲሄድ ደም ሥሩ በምስል ይታይ። ወደ ሁለቱም ክንድ የሚሄዱት ሥሮች ከጠበቡ በክንድ የሚለካው ግፊት ውሸት ዝቅተኛ ይሆናል፤ ልብና አንጎል ግን በከፍተኛ ግፊት እየተጎዱ ነው። ያኔ ትክክለኛውን ግፊት የምናገኘው በጭን ላይ ሰፊ የግፊት መለኪያ መጠቅለያ (ከፍ) በመጠቀም ነው። የእጅ ትርታ መድከም፣ ልብስ ሲሰጡ ወይም ፀጉር ሲሠሩ የሚመጣ የክንድ መዛል፣ በአንገት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ በስቴቶስኮፕ የሚሰማ አዲስ ሹክሹክታ፣ እነዚህ ሁሉ የሕመሙ ንቃት መለኪያዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም የሐኪሙ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጃይንት ሴል ላይ ኢኤስአርና ሲአርፒ የተሻለ ይናገራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የምደባ መስፈርት ኢኤስአር 50 እና ከዚያ በላይ ወይም ሲአርፒ 10 ሚሊ ግራም በሊትር እና ከዚያ በላይ መሆን 3 ነጥብ ያስገኛል። ሆኖም ጥቂት ሕሙማን ከደም ሥሩ በተቆረጠ ናሙና ሕመማቸው ተረጋግጦ ሁለቱም ቁጥሮች ጤናማ የሚሆኑበት አጋጣሚ አለ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አዲስ የራስ ምታት ይዞት፣ ሲያኝክ መንጋጋው እየደከመ፣ ዓይኑ ላይ ጨለም ብሎ የሚመለስ ነገር ካየ በዚያው ቀን ይታከማል። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ ፕሬድኒሶሎን አይዘገይም፤ ናሙናው ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢወሰድም ይናገራል፤ የጠፋ ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ እናክል። ቶሲሊዙማብ የሚባለው መርፌ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለጃይንት ሴል በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ መድኃኒት ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውን መልእክት ይዘጋል፤ ጉበት ሲአርፒንና ፋይብሪኖጅንን የሚሠራው በዚያ መልእክት ስለሆነ ሁለቱም ቁጥሮች ወደ ታች ይወርዳሉ። ሕመሙ እያገረሸ ሲአርፒ 1 ሊሆን ይችላል፤ ሳንባ ምች ይዞትም እንዲሁ። መርፌውን እየወሰደ ወደ አገር ቤት ለዕረፍት የመጣ ሰው ቢታመም የመጀመሪያ ቃሉ የመድኃኒቱ ስም ይሁን፤ አለበለዚያ ሐኪሙ በጤናማው ሲአርፒ ተታሎ ወደ ቤት ይሸኘዋል።

አንካ ላይ ያለው ግራ መጋባት የበለጠ ነው። ይህ ፀረ አካል ከኩላሊት ብግነት ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ ተጠቀሰ፤ በ1985 ደግሞ በአውሮፓ ተመራማሪዎች ዛሬ ጂፒኤ ከምንለው፣ አፍንጫን፣ ሳንባንና ኩላሊትን ከሚያጠቃው ቫስኩላይተስ ጋር ተገናኘ። ዋነኛ ኢላማዎቹ በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፒአር3 እና ኤምፒኦ። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ብቻ የሚሠራው የቆየ ዘዴ በሕዋሱ ውስጥ በሚታየው የብርሃን አቀማመጥ ሲ አንካ ወይም ፒ አንካ ብሎ ነው የሚመልሰው። ኤኤንኤ የሚባል ሌላ ፀረ አካል ያለበት ሰው በዚህ ዘዴ ፒ አንካ ሊመስል ስለሚችል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታደሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት በቅድሚያ ፒአር3ን እና ኤምፒኦን በቀጥታ በሚለካ ጥራት ያለው ምርመራ እንዲጀመር ይመክራል። ጂፒኤ ወይም ተቀራራቢው ቫስኩላይተስ ኤምፒኤ ካለባቸው ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ አንካ የለውም፤ ስለዚህ ኔጋቲቭ ውጤት ሕመሙን አያስቀርም።

ፖዘቲቩም ብቻውን አያረጋግጥም። ለታይሮይድ የሚሰጠው ፒቲዩ እና ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚን ኤምፒኦ አንካን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም በአገራችን በስፋት ይታዘዛሉ። ለምርመራ የመጣ ሰው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዞ ቢመጣ ግማሽ ሥራ ቀለለ። ቲቢ አንካን ፖዘቲቭ ያደርጋል፤ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። የኋለኛው በጣም ያሳስበናል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩ የተጎዳ ወጣት ትኩሳት፣ በሽንት ደም፣ የቆዳ ነጠብጣብና ፒአር3 አንካ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱ ሁሉ ቫስኩላይተስ ይመስላል። የደም ካልቸር ሳይወሰድ፣ ልቡ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሳይታይ ፕሬድኒሶሎንና የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክመው ሳይክሎፎስፋማይድ ከተሰጠው የሚያድነው አንቲባዮቲክ ሆኖ ሳለ በሕክምናው ሊሞት ይችላል።

ለክትትልስ? የአንካ መጠን ሲጨምር ማገርሸት ሊከተል ይችላል፤ በተለይ ኩላሊቱ ተጎድቶ፣ ቢ ሕዋስ የሚባሉትን የፀረ አካል ምንጮች የሚያጠፋውን ሪቱክሲማብ በወሰደ ሰው ላይ ጭማሪው ትርጉም አለው። ነገር ግን ብዙዎች መጠኑ ጨምሮም አያገረሽባቸውም፤ አንዳንዱም ሳይጨምር ያገረሽበታል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባደሰው ምክር ሕክምና የሚቀየረው በአንካ ወይም በቢ ሕዋስ ቆጠራ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ባለው የአካል ምርመራ መሆን እንዳለበት ተናግሯል። በእኛም አመለካከት መጠኑ ሲጨምር ማድረግ የሚገባው ቀጠሮውን ከ3 ወር ወደ 1 ወር ማቅረብና ሽንቱን ደጋግሞ ማየት ነው። ደግሞም የአንድ ኩባንያ ኪት 40 ዩኒት ያለው ሌላው 120 ሊል ይችላል፤ ከሁለት ላቦራቶሪ የመጡ የአንካ ቁጥሮች አይነጻጸሩም።

ከሁሉ በላይ የምንለምነው ሽንት እንዲታይ ነው። የኩላሊት ቫስኩላይተስ አያምም፤ ክሪያቲኒን የሚባለው ኩላሊት የሚያጣራው የደም ቆሻሻ እስኪጨምር ድረስ ብዙ ማጣሪያ ይጠፋል። ክሪያቲኒኗ 0.6 የነበረ ቀጭን ሴት 1.2 ስትደርስ ወረቀቱ አሁንም «ጤናማ» ሊል ይችላል፤ የኩላሊቷ አቅም ግን በግማሽ ያህል ወርዷል። ስለዚህ ንጽጽሩ ከራሷ የቀድሞ ቁጥር ጋር ይሁን። አንዱ ወረቀት በማይክሮ ሞል በሊትር ከመጣ፣ ወደ ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ለመቀየር ለ88.4 ማካፈል ነው።

የሽንቱ አሠራር እንዲህ ነው። የጠዋት ሽንት፣ የመጀመሪያው ፈሶ መሐሉ ይወሰዳል፤ ወር አበባ ላይ ያለች ሴት ብትቆይ ይሻላል። ካስት የሚባሉት በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ የሚቀረጹ ሲሊንደሮችና ቀይ ሕዋሳቱ በቆየ፣ በቀጠነና አልካላይን በሆነ ሽንት ስለሚሟሙ በተወሰደ በ2 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ዲፕስቲኩ (ሽንት ውስጥ የሚነከረው የመመርመሪያ ወረቀት) ከተነበበ በኋላ 10 ሚሊ ሊትር ለ5 ደቂቃ በዝግታ ይሽከረከራል፤ በኃይል ካሽከረከሩት ካስቱ ይሰባበራል። ከላይ ያለው ፈስሶ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ሲቀር፣ ዝቃጩ በቀስታ ተደባልቆ ጠብታው በስላይድ ላይ ይደረጋል። በቅድሚያ በ10 ሌንስ፣ የማይክሮስኮፑ ብርሃን ቀንሶ፣ በከቨር ስሊፑ ጠርዝ ዙሪያ ይፈለጋል፤ ካስት ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ በደማቅ ብርሃንም አይታይም። ከዚያ በ40 ሌንስ የቀይ ሕዋሳቱ ቅርጽ ይታያል። ክብ ሆነው ጎናቸው ላይ ትንንሽ እብጠት ያወጡ ሕዋሳት ከ5 በመቶ በላይ ከሆኑ ወይም የቀይ ሕዋስ (አርቢሲ) ካስት ከታየ ደሙ የመጣው ከማጣሪያው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቅርጽ ካላቸውና ካስት ከሌለ ከፊኛ ወይም ከቱቦው ሊሆን ይችላል፤ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚወስድ ሰው ላይ መድኃኒቱ ፊኛውን አድምቶ ይሆናል፤ ከአዋሽ ሸለቆ ቆላማ አካባቢ በመጣ ሰው ላይ ደግሞ ቢልሃርዚያ ይታሰባል። ብዙ ቫይታሚን ሲ የወሰደ ሰው ዲፕስቲኩ ደሙን ላያሳይ ይችላል። ከሕክምና በኋላ የሚቀር ፕሮቲን የጠባሳ ውጤት ሊሆን ስለሚችል ብቻውን መድኃኒት አያስጨምርም፤ ጠፍቶ የነበረ ደም ከካስት ጋር ሲመለስ ግን በዚያው ሳምንት ክሪያቲኒን ተደግሞ ለኩላሊት ሐኪም ይቅረብ።

ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከአስም ጋር የሚመጣውን ኢጂፒኤ የተባለ ቫስኩላይተስ ለመከታተል ይረዳል። ሆኖም የአንጀት ትላትልም ያበዙታል፤ የመጀመሪያው የፕሬድኒሶሎን ክኒን ከተዋጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ቆጠራውም የሰገራ ምርመራውም ከክኒኑ በፊት ይሁን። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ፕሬድኒሶሎን ሲያገኝ በመላው ሰውነት ተሰራጭቶ ይገድላል፤ በሰገራ ምርመራ በቀላሉ ስለማይገኝም ጥርጣሬ ካለ አይቨርሜክቲን አስቀድሞ መስጠት ተገቢ ነው። ሪቱክሲማብ ሊጀምር ያለ ሰው ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ሁለት ምርመራዎች፣ የላይኛው አንቲጅንና የኮር ፀረ አካል፣ ሳይሠሩለት መርፌው አይሰጠው።

ከሄፓታይተስ ሲ ጋር የሚመጣው የክሪዮግሎቡሊን ቫስኩላይተስ ምርመራ የሚበላሸው ገና ደሙ ሲቀዳ ነው። ፕሮቲኑ ሲቀዘቅዝ ይዘቅጣል፤ በተለመደው ቱቦ ተቀድቶ መደርደሪያ ላይ የቆየ ደም ሲሽከረከር ፕሮቲኑ ከረጋው ደም ጋር ይወገድና ሴረሙ ኔጋቲቭ ይሆናል። ሲሪንጁና ቱቦው አስቀድመው ይሞቁ፤ ደሙ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሆኖ ይጓጓዝ፣ በዚያው ሙቀት ይርጋ፤ ሴረሙ ከተለየ በኋላ ብቻ በ4 ዲግሪ እስከ 7 ቀን ተቀምጦ ይታይ። ይህን ማድረግ በማይቻልበት ቦታ ሲ4 የሚባለው የመከላከያ ፕሮቲን መውረዱና ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ፀረ አካል ከፍ ማለቱ ይጠቁማሉ።

አዳዲስ መለኪያዎችም እየመጡ ናቸው። በሽንት የሚለካው ሲዲ163 የሚባል ፕሮቲን የኩላሊት ቫስኩላይተስ መንቃቱን በማሳየት ተስፋ ሰጥቷል፤ ካልፕሮቴክቲንም እየተጠና ነው። እነሱ እስኪደርሱን ድረስ ላቦራቶሪዎች በውጤት ወረቀታቸው ላይ ከቁጥሩ ጎን ዘዴውን፣ መለኪያውንና ናሙናው የተቀዳበትን ሰዓት እንዲጽፉ እንጠይቃለን። ሕሙማንም በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ኢኤስአሩን፣ ሲአርፒውን፣ ክሪያቲኒኑን፣ የሽንቱን ውጤትና በዚያ ቀን ይወስዱት የነበረውን የፕሬድኒሶሎን መጠን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ በተቻለ መጠን ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመሩ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር በራሱ ፈቃድ በአንድ ጊዜ እንዳያቆም፤ አድሬናል ዕጢው ሥራ አቁሞ ስለሚቆይ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ደም የቀላቀለ ሳል፣ ኮላ የመሰለ ሽንት፣ የእግር ወይም የእጅ መዳፍ በድንገት መውደቅ ወይም የዓይን መጨለም ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው።

ከአክብሮት ጋር
የውስጥ ደዌና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ